ያላየሽውን «አየሁ» አትበዪ

ልጄ፣ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ትምህርት ማለፍሽ ከተሰማ ወዲህ ባምባሲ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይለኛል። ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ዕድሜዬን በኦፕሬሽን ክፍል መሣሪያ በማቀበል የጨረስኩ ነርስ ነኝና በምርቃት ብቻ ልሸኝሽ አልፈልግም። የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ የቀረው የእሱ ዝርዝር ነው። ያላየሽውን «አየሁ» አትበዪ፤ ያየሽውን ደግሞ ለብቻሽ ይዘሽ አትቅሪ።

«ይሄማ ለሕፃን የሚነገር ነው» ትዪ ይሆናል። ቀዶ ሕክምና ላይ ግን ከዚህ የሚከብድ ነገር ጥቂት ነው። ለምን እንደሚከብድ ልንገርሽ።

የትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን ላይ ቆመሻል እንበል። ቁርጡ ጠባብ ነው፤ መብራቱ በአንድ ወገን ጥላ ጥሏል። አስተማሪሽ በግራ እጁ አንጀቱን ይዟል፣ በቀኙ ፎርሴፕስ ጨብጧል። «ይቺን መስመር ተከተያት» ይልሻል። ሊያሳይሽ የፈለገው በትልቁ አንጀት ላይ ቁልቁል የሚወርደውን ነጣ ያለ የጡንቻ ጥብጣብ ነው። ሦስቱም ጥብጣቦች የሚገናኙት ትርፍ አንጀቱ ከሚነሣበት ቦታ ስለሆነ አንዱን ተከትሎ የወረደ ሰው አይጠፋውም። አንቺ ግን ዓይንሽ ያረፈው አጠገቡ ባለው የደም ሥር ላይ ነው። ሁለታችሁም አንድ ጉድጓድ ውስጥ እያያችሁ ነው፤ እሱ «እዚህ ጋ» የሚለው አንድ ቦታ፣ አንቺ የምትሰሚው ሌላ ቦታ። ጣቱን እንዳይቀስርልሽ ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። ዓይኑን ተከትለሽ እንዳታዪ ወደ ታች አቀርቅሯል። «ታየሽ?» ይልሻል። «አዎ» ትያለሽ።

እኔ የምፈራልሽ ይህቺን «አዎ» ነው። ከየት እንደመጣችም አውቃለሁ፤ ከቤት ነው ይዘሻት የሄድሽው። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር ዓይኗን ሰበር የምታደርግ ልጅ ጨዋ ናት፤ ትክ ብላ የምታይና መልሳ የምትጠይቅ ዓይን አውጣ ተብላ ትገሠጻለች። አንቺንም እንዲሁ ነው ያሳደግንሽ፤ ለቤትና ለጎረቤት መልካም ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ግን ሌላ ሥርዓት ያለው ቤት ነው። እዚያ የሚያሳፍረው አለማየት አይደለም፤ ሳያዩ አየሁ ማለት ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ በእኛ ሙያ የሚቀረው ሹመት ሳይሆን የሰው ነፍስ ነው።

ጊዜሽም አጭር ነው። የምትገቢበት ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ሰርጀን በማይደርስባቸው ሆስፒታሎች ጤና መኮንኖችን በ3 ዓመት የማስተርስ ትምህርት አሠልጥኖ እናት በምጥ፣ ሰው በተቋጠረ አንጀት እንዳይሞት ማድረግ። 3 ዓመቱ ሲያልቅ አስተማሪሽ አጠገብሽ አይቆምም። ባምባሲ ወይም ባምባሲን በመሰለ ቦታ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማህፀኗ የተቀደደ ሴት ይዘውልሽ ሲመጡ ከአንቺ የተሻለ የሚያይ ሰው ላይኖር ይችላል። አሶሳ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከ600 በላይ። ዛሬ በ«አዎ» ያለፍሻት ነገር ያን ሌሊት ጠብቃ ታገኝሻለች።

በውጭው ዓለም ይህንን ችግር በመሣሪያ ሊፈቱ የተነሡ አሉ። መሣሪያው በሠራሁባቸው ክፍሎች ውስጥ አልነበረም፤ ከእሱ የተገኘው ዕውቀት ግን ከመሣሪያው ቀድሞ እኛ ጋ መድረስ ይችላል፣ ቀረጥም የለበትም። ስለዚህ አሠራሩን እወቂው።

አይ ትራከር ይባላል። ሰው በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ዓይንሽን ያበራዋል። ብርሃኑ ከኮርኒያሽ ላይ ተንጸባርቆ አንዲት ነጭ ነጥብ ይሠራል፤ ትንሽ ካሜራ ያቺን ነጥብና የብሌንሽን መሃል አንድ ላይ ይቀርጻል። ዓይንሽ ሲዞር ብሌኑ አብሮ ይሄዳል፣ ነጥቧ ግን እምብዛም አትንቀሳቀስም። ኮምፒውተሩ በሁለቱ መካከል ካለው ርቀትና አቅጣጫ ተነሥቶ የት እንደምታዪ ያሰላል። ልኩን እንዲይዝ አስቀድሞ የታወቁ ነጥቦችን አንድ በአንድ ያሳይሻል። አንዳንዱ ከስክሪን ሥር ይገጠማል፤ ሌላው እንደ መነጽር ይጠለቃል፣ ከፊት በኩልም አንቺ የምታዪውን የሚቀርጽ ሌላ ካሜራ አለው። ውጤቱ ቪዲዮ ነው፤ በቪዲዮው ላይ የምትንቀሳቀሰው ነጥብ ያንቺ ዓይን ያረፈበት ቦታ ናት።

ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ለማወቅ ክንድሽን ወደፊት ዘርጊና የአውራ ጣትሽን ጥፍር እዪ። በአንድ ጊዜ አጥርተሽ የምታዪው ስፋት ከዚያ ብዙም አይበልጥም፤ 2 ዲግሪ ያህል ነው። የቀረውን ዓይንሽ በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ እየዘለለ ይለቃቅመዋል። ክፍት ሆድ ፊት ቆመሽ «ሁሉንም እያየሁ ነው» የሚልሽ ስሜት እውነት አይደለም። አንድ ጥፍር የምታህል ቦታ እያየሽ ነው፤ ጥያቄው የትኛዋን የሚለው ነው።

ጀማሪና አዋቂ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልምድ ያላቸውን ሰርጀኖችና ጀማሪዎችን በላፓሮስኮፒ፣ ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በካሜራ በሚሠራው ቀዶ ሕክምና፣ መለማመጃ ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ተከታተሉ። የለመዱት ዓይናቸውን የሚነካው ነገር ላይ ይተክሉና መሣሪያው ወደዚያ ይመጣል። ጀማሪዎቹ ግን የመሣሪያውን ጫፍ እየተከተሉ ያዩ ነበር፤ እጃቸው የት እንደደረሰ ካላዩ አላመኑትም። እኔ ይህንን ያለ ካሜራ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ተማሪ ሲሰፋ ዓይኑ መርፌ መያዣው ላይ ነው፤ የለመደ ሰርጀን መርፌው ገና ሳይገባ የሚወጣበትን ቦታ እያየ ነው። መሣሪያ አቀባይ ይህንን ያውቃል፤ የሰርጀኑን ዓይን ካላነበበ ሲጠየቅ ብቻ የሚያቀብል ይሆናል፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚያቀብል ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቷል።

«ዓይን በልምድ ይመጣል» ብለሽ አትተዪው፤ ይሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የእንግሊዝ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላፓሮስኮፒ ነክተው የማያውቁ 30 ሠልጣኞችን በሦስት ቡድን ከፈለ። አንዱ ቡድን ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ተማረ፣ ሁለተኛው እጁን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ፣ ሦስተኛው በራሱ እየሞከረ ይማር ተባለ። ዓይኑን የሠለጠነው ቡድን ቀደመ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ነው፤ እየሠሩ ድምፅ እንዲቆጥሩ ሲታዘዙ፣ ሐሳባቸው ለሁለት ሲከፈል ማለት ነው፣ ከሌሎቹ ይልቅ እነሱ ጸኑ። የእኛን አገር ኦፕሬሽን ክፍል አስቢው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ፣ ሰክሽኑ ተደፍኖ፣ አኔስቴቲስቱ «ግፊት እየወረደ ነው» ሲል፣ በር ላይ ቤተሰብ ሲያለቅስ። ሐሳብሽ ለሁለት ሳይሆን ለአምስት ይከፈላል። በዚያ ሰዓት ዓይኗ ማረፊያውን የለመደች ባለሙያ እጇ አይንቀጠቀጥም።

ስለዚህ ከወዲሁ ተለማመጂ። ብልሃቱ ርካሽ ነው። ወንበር ላይ ክር አስረሽ ቋጠሮ ስትለማመጂ አንዷን ጓደኛሽን ፊት ለፊት አስቀምጪያት። እጅሽን ተዪውና ዓይኔን እዪልኝ በያት። ዓይንሽ ቋጠሮው ከሚያርፍበት ነጥብ ለቅቆ ወደ ጣትሽ በወረደ ቁጥር «ወረድሽ» ትበልሽ። ከዚያ ተለዋወጡ። የሰው ዓይን የሰውን ዓይን ለማንበብ ከማንኛውም ካሜራ በፊት የተሠራ ነው፤ ሚሊሜትሩን አይነግርሽም እንጂ መውረድሽን አይስተውም።

ሌላም ልጨምርልሽ። የዓይን ጌታው ጥያቄ ነው። ያርቡስ የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የታወቀበት ጥናት ይህ ነው። አንድ ሰው ሳይጠበቅ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ የሚያሳይ የሬፒን ሥዕል ነበረው። ሥዕሉን ለተመልካች እየሰጠ በየጊዜው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ቤተሰቡ ሀብታም ነው ድሃ ሲል ዓይን ወደ ዕቃውና ወደ ልብሱ ይሄዳል፤ ዕድሜያቸው ስንት ነው ሲል ፊታቸውን አንድ በአንድ ይዞራል። ሥዕሉ ያው ነው፤ ተመልካቹም ያው፤ የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው። እዚሁ ቤንሻንጉል ወርቅ የምታጥብ ሴት አጠገብ ቆመሽ ታውቂያለሽ፤ ጥቁሩን አሸዋ አንቺም ታዪዋለሽ፣ እሷ ግን የምትፈልገውን ስለምታውቅ ከአሸዋው መሃል ቅንጣቷን ትለቅማለች። ሆድ ከመክፈትሽ በፊት የምትፈልጊውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራስሽ ካልነገርሽ ዓይንሽ ዝም ብሎ ሲዞር ይውላል። «ምን እያየሽ ነው?» ሲሉሽ ሳይሆን «ምን እየፈለግሽ ነው?» ሲሉሽ መልስ ይኑርሽ።

አሁን ወደ «እዚህ ጋ» ልመለስ። በላፓሮስኮፒ ሁሉም የሚያየው አንድ ስክሪን ነው። ስለዚህ የአስተማሪው ዓይን ያረፈበትን ቦታ በስክሪኑ ላይ ነጥብ አድርጎ ለተማሪው ማሳየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሰዎች ይህንን ሞክረው በቃል ብቻ ከተመሩት ይልቅ በአስተማሪው ዕይታ የተመሩት ፈጥነው ወደተፈለገው ቦታ እንደሚደርሱ አሳዩ። አስተማሪው እጁን ሳያነሣ ጣት ቀሰረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ሴንሃንስ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሮቦት ደግሞ ካሜራውን የሰርጀኑን ዓይን እየተከተለ ያንቀሳቅሳል። አንቺ የምትሠሪው ግን በአብዛኛው ሆድ ተከፍቶ ነው። እዚያ የሚሠራው የመነጽሩ ዓይነት እንጂ የስክሪኑ አይደለም፤ መነጽሩም የሚጠቅመው ከኦፕሬሽኑ በኋላ ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ለማየት ነው።

እንግዲህ ነጥቧ የሌለችሽ ከሆነ ምላስሽን ተጠቀሚ። ሕፃኑ ወጥቶ ማህፀኑ ሲሰፋ ረዳቷ «በግራ በኩል ይደማል» ትላለች። የማን ግራ? እሷ ከበሽተኛዋ በአንድ ጎን ቆማለች፣ ሰርጀኗ ከማዶ፤ የአንዷ ግራ የሌላዋ ቀኝ ነው። «በበሽተኛዋ ግራ፣ የቁርጡ ማዕዘን ላይ፣ ከመጨረሻው ስፌት ውጪ» ስትል ግን የክፍሉ ዓይን ሁሉ አንድ ቦታ ይወድቃል። ሁልጊዜ የበሽተኛውን ቀኝና ግራ ጥሪ እንጂ የራስሽን አትጥሪ። «ያንን»ና «ይሄንን» የሚሉትን ትተሽ የአካሉን ስም ጥሪ። «ፊኛውን እያየሁ ነው፤ ወደ ታች ገፋ አድርገሽ ያዥልኝ» በይ። ዓይንሽ የት እንዳለ በአፍሽ ስትናገሪ ረዳትሽ ይከተልሻል፤ ከተሳሳትሽም የሚያርምሽ ሰው ይገኛል። አፍሽን ዘግተሽ የምታዪው ስህተት ግን አንቺ ብቻ የምታውቂው ስህተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት ሥራው ከዚህ አይርቅም። በሽተኛው ማን ነው፣ የሚቀደደው የትኛው ወገን ነው፣ ጎዙ ተቆጥሯል ወይ፤ ሁሉም በጭንቅላቱ የያዘውን በአፉ እንዲያወጣው ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የ8 ሆስፒታሎች ጥናት፣ አንዱ የታንዛኒያው ኢፋካራ ነበር፣ ቼክሊስቱ ሥራ ላይ ሲውል ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን ዘገበ። በእኛም አገር ጤና ሚኒስቴር ለአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመረው ንቅናቄ ቼክሊስቱን ወደ ሆስፒታሎች አስገብቷል። ወረቀቱን አስቀድመው ምልክት አድርገው የሚጨርሱትን ታገኛለሽ። አንቺ አትቀላቀያቸው፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው።

አስተማሪ ያየውን ለተማሪው ሲያካፍል ምን እንደሚሆን ከሰው ሁሉ ይልቅ የምታስረዳልኝ አንዲት ኢትዮጵያዊት ናት። ማሚቱ ጋሼ በልጅነቷ ተድራ፣ በረጅም ምጥ ፌስቱላ ደርሶባት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ዘንድ ለሕክምና የመጣች የገጠር ሴት ነበረች። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። ታክማ እዚያው ቀረች፤ አልጋ ታነጥፍ ጀመር። በኋላ ዶክተር ሬጂናልድ ኦፕሬሽን ክፍል አስገብቷት መሣሪያ ታቀብለው ነበር፤ እያየች፣ እየጠየቀች፣ እጇ እየተመራ የፌስቱላ ቀዶ ሕክምናን ተማረች። ሃምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታላቸውን ካቋቋሙ በኋላ ከውጭ ለመማር የሚመጡ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የሰርጀኖች ሮያል ኮሌጅ ለእሷና ለሃምሊን ባልና ሚስት የወርቅ ሜዳልያ ሰጠ።

ይህንን ስነግርሽ «መጽሐፍ አያስፈልግም» ለማለት አይደለም፤ አንቺ መጽሐፍሽን ጠንቅቀሽ አንብቢ። ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው የመማሪያዋን በር ነው። የፌስቱላ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ጠባብና ጥልቅ ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ሲያይ ለሌላው ቦታ አይተርፍም። ማሚቱ እዚያ የገባችው አስተማሪዋ ዓይኑን ስላካፈላት ነው። አስተማሪ ዓይኑን ካካፈለ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ሐኪም ታስተምራለች፤ ካላካፈለ ዲግሪ ያለውም ቆሞ ይውላል።

አይ ትራከሩንም ግን አታምልኪው። ሁለት ነገር ልብ በይ።

አንደኛው፣ ዓይን መድረሱን እንጂ ልብ መቀበሉን አይነግርሽም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች የሳንባ ሲቲ ምስል ላይ ትናንሽ እባጮችን እንዲፈልጉ ተሰጣቸው። ተመራማሪዎቹ በመጨረሻው ምስል ላይ ሆን ብለው የጎሪላ ሥዕል አስገቡበት፤ ከሚፈለገው እባጭ 48 እጥፍ የሚበልጥ። ከ24ቱ 20ዎቹ አላዩትም። አይ ትራከሩ ግን ካላዩት ውስጥ 12ቱ ዓይናቸውን ጎሪላው ባለበት ቦታ አሳርፈው እንደነበር መሰከረ። ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል የሚሉት አባባል ልክ ነው፤ ልብ ሌላ ነገር ሲፈልግ ዓይን ያመጣለትን ይጥለዋል። ስለዚህ ተማሪሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ ስላፈጠጠች ብቻ ገብቷታል አትበዪ። «ምንድን ነው ያየሽው? በራስሽ አባባል ንገሪኝ» በያት። ፍለጋሽ ሲያበቃ ለራስሽም አንድ ትርፍ ጊዜ ስጪ፤ የመጣሽበትን አግኝተሽ ሳለ ሆዱን ከመዝጋትሽ በፊት ያልፈለግሽው ነገር ካለ ዙሪያውን ተመልከቺ።

ሁለተኛው ልኩ ነው። አይ ትራከር ጥሩ ሲሆን እንኳ እስከ አንድ ዲግሪ ሊስት ይችላል። አንድ ዲግሪ ምንም አይደለም እንዳትዪ፤ ከግማሽ ሜትር ርቀት ላይ 9 ሚሊሜትር ያህል ነው። መነጽሩ በላብ ሲንሸራተት ደግሞ ይብሳል። ማህፀን ሲወጣ የሽንት ቱቦው ከማህፀኑ የደም ሥር ሥር አቋርጦ እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ። የደም ሥሩን ልትቋጥሪ ስትዪ ቱቦውን መቋጠር የሚመጣው በዚያች 9 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። ነጥቧ «እዚህ ነው ያየው» ብትልሽም ቆርጠሽ ከመግባትሽ በፊት አስተማሪሽ በፎርሴፕሱ ጫፍ ነክቶ ያረጋግጥልሽ።

አንድ ቀን መሣሪያው ደጃችሁ ሲደርስ ደግሞ አያያዙን አንቺ ቀድመሽ ወስኚ። በቪዲዮው ላይ የሚታየው የሰው ገላ ነው፤ ከመቀረጹ በፊት ባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ ተጠይቆ ይፍቀድ፣ ካልፈቀደም ሕክምናው እንዳይጓደልበት ይወቅ። በስልክ ሲቀረጽም ሕጉ ያው ነው። ቪዲዮውንም ለማስተማሪያ እንጂ ለመቅጫ አታውይው። የተማሪን ዓይን ቀርጾ «ይኸው ፈዘዝክ» ብሎ በሰው ፊት የሚያሳይ አለቃ ያቺኑ ውሸታም «አዎ» መልሶ ይተክላታል፤ ተማሪው የሚማረው ማየትን ሳይሆን ማስመሰልን ይሆናል።

ስለ በሽተኛው ዓይንም ልንገርሽ፤ ይህንን ማንም በትምህርቱ ውስጥ አይጽፍልሽም። ወገቧ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወግታ በኦፕሬሽን የምትወልድ ሴት እስከ መጨረሻው ነቅታ ነው። ጭምብሉ ፊትሽን ሸፍኖታል፤ የሚታያት ዓይንሽ ብቻ ነው። እኛ አካባቢ በርታ፣ ማኦ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ከካምፕ የሚመጣ ስደተኛም አለ፤ የምትናገሪው ሁሉ ላይገባት ይችላል፣ ዓይንሽ ግን ይገባታል። ከጎዙ ላይ ዓይንሽን አንሥተሽ በድንጋጤ ሰርጀኑን ካየሽው እሷም አየችው። ከመጀመርሽ በፊት ወደ ራስጌዋ ዞር ብለሽ እያየሽ አናግሪያት፤ አስተርጓሚም ካለ ራስጌዋ ይቁም። እየሠራሽ ያለውን ለባልደረባሽ ስትናገሪ በረጋ ድምፅ ይሁን። ክፍሉ ውስጥ አንቺን የምትከታተለው ተማሪሽ ብቻ አይደለችም።

ወደ ትምህርት ቤት ስትገቢ የምታደርጊውን በአጭሩ ላስቀምጥልሽና ላብቃ። እያንዳንዱ ኦፕሬሽን ከመጀመሩ በፊት የምትፈልጊውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራስሽ ንገሪ። «ታየሽ?» ስትባዪ ካልታየሽ «አልታየኝም፤ በየት በኩል?» በይ፤ በአክብሮት፣ ግን ሳታመነቺ። የተቆጣሽ አስተማሪ ቢኖር ቁጣው እስከ ማታ ነው፤ ያልታየሽ ነገር ግን ዕድሜ ልክ አብሮሽ ይኖራል። ታይቶኛል ስትዪም ባዶ «አዎ» አትበዪ፤ ያየሽውን በስሙ ጠርተሽ ድገሚለት። ከኦፕሬሽኑ በኋላ የመታጠቢያው ገንዳ ጋ ቆመሽ «እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ዓይንዎ የት ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ብዙ አስተማሪ ይህንን ተጠይቆ አያውቅም፤ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ እሱም ራሱን ያያል። ማታ ደብተርሽ ላይ ያየሽውን ሳዪው፤ ሥዕል ባትችዪም። ለመሳል ስትሞክሪ ያላየሽው ክፍት ቦታ ሆኖ ይቀርብሻል፤ የነገ ጥያቄሽ እሱ ነው።

ተመርቀሽ ተማሪ ሲሰጥሽ ደግሞ ዕዳሽን ክፈዪ። «አልታየኝም» ያለችሽን ልጅ አመስግኚያት፤ ከክፍሉ ሁሉ እውነቱን የነገረችሽ እሷ ናት። ቦታሽን ለቀቅ አድርጊላት፣ መብራቱን አስተካክዪላት፣ ዓይንሽ ያለበትን በስሙ ጥሪላትና ሥራሽን ቀጥዪ። በዚህ መንገድ የሠለጠኑ ሦስት አራት ሰዎች ቤንሻንጉል ውስጥ ቢኖሩ ከአንድ ውድ መሣሪያ ይበልጣሉ፤ መሣሪያው ሲመጣም የሚያውቁበት እነሱ ይሆናሉ። አብሽሪ፤ ፈጣሪ ያቅናልሽ።